ባትሪው ተገልብጦ ሲገጠም፦ ችግርና መፍትሄ

ክረምት ሲገባ ሶላሩ አልሞላም ይላል። ባትሪው ተፈትቶ ቻርጅ እንዲደረግ ወደ መራዊ ወይም ዳንግላ ይላካል፤ ሲመለስ የሚገጥመው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በቆጋ መስኖ ዳር የአፈር እርጥበት የሚለካም ሆነ በደብረ ማርቆስ ግቢ የሚጮህ አላርም፣ በእጅ የተሠራ መሣሪያ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ባትሪ ከተገጠመ በኋላ አይሠራም፣ የተቃጠለ ይሸታል

መጀመሪያ ባትሪውን ከቦርዱ ፍቱ። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ወደ ቦርዱ ፖዘቲቭ በሚሄደው ሽቦ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ አድርጉ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገልብጧል። በሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ሁለቱም ጥቁር ሆነው የተዘረጉ ሞልተዋል።

አናቱ ያበጠ ኮንደንሰር ይቀየር። ባትሪው እንደተፈታ የሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚያስተካክለውን ክፍል) መግቢያና መውጫ ከኔጋቲቭ ጋር በኦም ለኩ፤ ወደ 0 ከተጠጋ ሾርት አለ። መውጫው ላይ ሾርት እያለ ሬጉሌተር ብቻ መቀየር አዲሱንም ማቃጠል ነው።

ለ12 ቮልት ባትሪና ከ1 አምፒር በታች ለሚወስድ መሣሪያ በፖዘቲቩ መስመር ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) መበየድ ይበቃል፤ ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ቦርዱ ይዙር።

ዳዮድ ገብቶ መሣሪያው ይጠፋል፣ ይነሳል

ይሄ በአንድ ሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ላይ ይበዛል። ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን 3.7 አካባቢ ነው። ዳዮዱ ከ0.7 እስከ 1 ቮልት ይበላል። ሲም800ኤል (በሲም ካርድ መልእክት የሚልከው ሞጁል) ደግሞ ከ3.4 በታች አይሠራም፣ ሲልክም ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። ሾትኪ ዳዮድ ኪሳራውን ይቀንሳል እንጂ አያድነውም፤ እኔ እዚህ ላይ ያለ ፒ-ቻናል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ፣ ድሬን፣ ሶርስና ጌት የሚባሉ ሦስት እግሮች ያሉት) አልሞክርም። ድሬኑ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሶርሱ ወደ ቦርዱ፣ ጌቱ ወደ ኔጋቲቭ።

ለሊቲየም ኤኦ3401 የሚባለው ሞስፌት ጥሩ ነው። ለ12 ቮልቱ የሶላር ባትሪ ግን አይሆንም፦ ጌቱ የሚችለው 12 ቮልት ሲሆን ባትሪው ቻርጅ ላይ 14.4 ይደርሳል። እዚያ 20 ቮልት የሚችለው አይአርኤፍ9540 ይግባ። እሱ በተራው በ3.7 ቮልት በደንብ አይከፈትም፤ ስለዚህ አታቀያይሯቸው።

ሞስፌት እያለም ተቃጠለ

ድሬንና ሶርስ ተለዋውጠዋል። ባትሪው በትክክል ሲገባ መሣሪያው ይሠራልና አያስታውቅም፤ ሲገለበጥ ግን በሞስፌቱ ውስጥ ያለው ዳዮድ ያሳልፈዋል። ቦርዱን ሳታገናኙ፣ በሞስፌቱ መውጫና በኔጋቲቭ መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጋችሁ ባትሪውን ሆን ብላችሁ ገልብጡት። ሬዚስተሩ ላይ ቮልት ከታየ ብየዳውን ፍቱት።

በ4 ድንጋይ የሚሠራው ደከመ

አንዱ ድንጋይ ተገልብጦ ይሆናል፤ 6 ቮልቱ 3 ይሆናል። አጠቃላይ አቅጣጫው ስላልተቀየረ ዳዮዱም ሞስፌቱም አያየውም፣ የተገለበጠውም ድንጋይ ሊያፈስ ይችላል። ማደሪያው ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን በማርከር አድምቁት።