«ያ ሰው አንተ ነህ»፦ ምሳሌና ጠቃሽ ዘይቤ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንጉሥ ዳዊት ራሱ ገጣሚ ነበር። በገና ይደረድራል፣ መዝሙር ይደርሳል፣ አምላኩን ዓለቴ፣ ምሽጌ፣ እረኛዬ እያለ ይቀኛል። በምሳሌ መናገርን እንዲህ የተካነ ሰው ግን ነቢዩ ናታን ፊቱ ቆሞ ምሳሌ ሲነግረው ምሳሌ መሆኑን አላወቀም። ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ አለ። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ እንግዳ መጣበት። ከራሱ መንጋ ማረዱን ሳሳና ከልጆች ጋር ያደገችውን፣ ከጌታዋ እንጀራ የምትበላውን፣ በብብቱ የምትተኛውን የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አዘጋጃት። ዳዊት በቁጣ ነደደ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ ብሎ ፈረደ። ናታንም «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው።

ዳዊት ከኦርዮን ሚስት ከቤርሳቤህ ጋር ያደረገውን፣ ባሏንም ጦር ግንባር አሰልፎ ማስገደሉን ከማንም በላይ ያውቃል። ያሳተው የሰማውን ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ መስማቱ ነው። እኛም ግጥም፣ ልቦለድ፣ ስብከት ወይም የፖለቲካ ንግግር ስንሰማ እንደዚሁ እንሳሳታለን። ተማሪ ቤት ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ጠቃሽ (የታወቀ ታሪክን ወይም ስምን ጠርቶ የሚናገረው) እያልን የዘይቤዎችን ስም ሸምድደናል፤ ፈተና ላይም መልሱን አክብበን ወጥተናል። ዘይቤው ምን እንደሚባል ያወቀ ሁሉ ግን ዘይቤው ምን እንደሚል ያውቃል ማለት አይደለም። በምሳሌና በጥቅስ የሚያስብ ቋንቋ እየተናገርን ይህን ችላ ማለታችን ያሳዝነኛል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

ስሙን ይዞ ታሪኩን መተው

«የኢዮብ ትዕግሥት» የማይል የለም። መጽሐፉን የከፈተ ግን ሌላ ኢዮብም ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ሰው ምዕራፍ 3 ላይ አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ምዕራፍ ከወዳጆቹ ጋር ይሟገታል፤ ፈጣሪውንም ችሎት እንዳቆመ ሰው መልስ ስጠኝ ይለዋል። እንግዲህ አንድ ደራሲ ልጆቹን ያጣ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ኢዮብ ቢለውና ወደ ሰማይ እያየ ቢያስጮኸው፣ «ኢዮብ ታጋሽ አልነበረም እንዴ? ስሙ ያለ ቦታው ገባ» የሚል አንባቢ የተሳሳተው ራሱ ነው። ደራሲው መጽሐፉ ድረስ ሄዷል፤ አንባቢው አባባሉ ላይ ቀርቷል።

«የቃየን ምልክት»ም እንዲሁ ነው። የእርግማን ማኅተም አድርገን እንጠቀምበታለን። በዘፍጥረት 4፥15 ግን ምልክቱ የተደረገለት ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ነው። ወንድሙን ገድሏል፣ ግን ተጠብቋል። አንድ ገጣሚ እጁ በደም የተነከረ ሹምን «የቃየን ምልክት አለበት» ካለው፣ «ኃጢአተኛ ነው» ማለቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ «ኃጢአተኛ ሆኖ ሳለ ማንም አይነካውም» እያለ ይሆናል። ይህኛው ንባብ እጅግ የመረረ ነው፤ ታሪኩን ላላነበበ ሰው ግን አይገለጥለትም።

ምንጩን ከአንድ መጽሐፍ ብቻ መጠበቅ

በአማርኛ የሚጠቀስ ጥንታዊ ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «ጥርኝ ውኃ» የምትለውን ሐረግ ግጥም ውስጥ ያገኘ አንባቢ ወንጌሉን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጥ ታሪኳን አያገኝም። ታሪኳ ያለው ተአምረ ማርያም ውስጥ ነው። በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። ያ ሁሉ ግፍ በተመዘነበት ሚዛን ላይ የቆመችለት፣ ውኃ ጠምቶት ለለመነው በሽተኛ ድኻ በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውኃ ብቻ ናት። ያቺም ጥርኝ ውኃ አዳነችው። ገጣሚው «ጥርኝ ውኃዬ» ሲል አንዲት ትንሽ ደግነት ምን ያህል በደል ታነሣለች የሚለውን ከባድ ጥያቄ በሁለት ቃል ጠርቶታል።

የሳባ ንግሥትም በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ስሟ አልተነገረም፤ መጥታ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ትፈትናለች፣ ስጦታ ተሰጣጥተው ወደ አገሯ ትመለሳለች። ቅመም የበዛበት እራት፣ መሐላው፣ ሌሊት የጠማት ውኃ፣ የልጇ የምኒልክ መወለድ፣ እነዚህ ሁሉ የክብረ ነገሥት ናቸው። ስለ ጥማትና ስለ ተታለለች ንግሥት የሚያነሣ ስንኝ ሲያጋጥምዎ መፈለግ ያለብዎት እዚያ ነው።

ከዚህ የሚከፋው አንዱ ስም በሁለት መጻሕፍት ሲኖር ነው። «ዮሴፍ» ሲባል ክርስቲያኑ አንባቢ ቶሎ የሚታየው ወንድሞቹ የሸጡት፣ ከጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ጥሎ የሸሸው ንጹሕ ልጅ ነው። ሙስሊሙ አንባቢ ይህንንም ያውቃል፤ ነገር ግን ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ሴቶቹ መልኩን አይተው ደንግጠው በያዙት ቢላ እጃቸውን የቆረጡበትን ትዕይንት ይጨምርበታል። አንዲት ሴት በወሎ የፍቅር ግጥም ወዳጇን «ዩሱፌ» ብትለው ንጽሕናውን ማለቷ ነው ወይስ እጅ የሚያስቆርጥ መልኩን? መልሱን የሚሰጠን ግጥሙ የበቀለበት ቤት ነው። ቢላልና ነጃሺም እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያውን አዛን ያሰማውን ሐበሻና ከመካ የተሰደዱትን ያስጠለለውን ንጉሥ የማያውቅ ሰው መንዙማን ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

ወርቁን አገኘሁ ብሎ ሰሙን መጣል

በብዙ አፍ የሚነገር አንድ ጥንድ ስንኝ አለ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው፣ የሃይማኖት ታሪክ ነው፤ አዳም ዕፀ በለስን በላ፣ ስለዚህም መድኃኔዓለም ተሰቀለ። (ከውጭ ሥዕልና ፊልም ተምረን አዳምንና ሔዋንን ፖም የምናስበላ ሰዎች እዚህ ላይ ወዲያው እንጠፋለን።) ወርቁ፣ ከሥሩ ያለው መልእክት፣ «ከንፈርሽን አይቼ ልቤ ተንጠለጠለ» ነው። አብዛኛው አንባቢ እዚህ ሲደርስ «ገባኝ» ብሎ ያልፋል፤ ሰሙንም እንደ ተላጠ ልጣጭ ይጥለዋል።

ሰሙን ከጣልነው ግን የቀረን ተራ ሙገሳ ነው። የስንኙ ድፍረት ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ላይ ነው። አዳም ከንፈሯ፣ መድኃኔዓለም ልቡ። ከንፈሯ ጥፋተኛ ነው፤ የሚከፍለው ግን ያልበደለው የእርሱ ልብ ነው። አፍቃሪው የራሱን ናፍቆት በስቅለት ሲለካ ትንሽ ነውር፣ ትንሽም ጸሎት የሚመስል ነገር ይሰማል። ይህን የሚያሰማን ሰሙ ነው።

በዚያው ላይ አንድ መጠሪያ እናስተካክል። ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ሁሉ «ሰምና ወርቅ» እንላለን። የቅኔ መምህራን ግን ይለያሉ፤ እንደዚህ ስንኝ ምሳሌውና ምሳሌ የተደረገለት ሁለቱም ተጠርተው ሲቆሙ ሰምና ወርቅ ነው፤ አንድ ቃል ብቻውን ሁለቱን ትርጉም ሲሸከም ኅብር ይባላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው ምን እንደምንፈልግ ስለሚነግረን ነው፤ በመጀመሪያው ጥንዶቹን እናጣምራለን፣ በሁለተኛው ቃሏን እናገላብጣለን።

ንጽጽሩን ከልኩ በላይ መጎተት

መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን 4፥1 የውዲቱን ጠጉር ከገለዓድ ተራራ ከሚወርድ የፍየል መንጋ ጋር ያመሳስለዋል። ወጣቶች ፊት ሲነበብ ሁልጊዜ ሳቅ አለ። የሚስቁት ፍየሏን ከነሽታዋና ከነቀንዷ ስለሚያመጧት ነው። ገጣሚው የፈለገው ግን ከሩቅ የሚታየውን ነው፤ ጥቁር መንጋ ቁልቁለቱን ይዞ እየተጥመለመለ ሲወርድ፣ እንደ አንድ አካል ሲንቀሳቀስ። ንጽጽር የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ገጽታ ነው። ሌላው ሁሉ ከውጭ ይቀራል፣ መቅረትም አለበት።

የናታንን ምሳሌ እንኳ ቁርጥ በቁርጥ ከእውነታው ጋር ላጋጥመው ቢሉ ይፈርሳል። በምሳሌው የታረደችው በጊቱ ናት፤ በእውነቱ ግን ቤርሳቤህ አልሞተችም። በምሳሌው ድኻው በሕይወት አለ፤ በእውነቱ የተገደለው ኦርዮን ነው። ናታን ተሳሳተ? በፍጹም። አንድ ነገር ላይ ብቻ እንዲያተኩር ነው የፈለገው፦ ሁሉ ያለው ሰው አንድ ብቻ ያለችውን ሰው ነጠቀ። የግድያውን ነገር በምሳሌው ቢያስገባው ኖሮ ዳዊት ገና ከመጀመሪያው ነቅቶ አፉን ይይዝ ነበር። ምሳሌው ከእውነታው የሚለይበት ቦታ የተናጋሪውን ብልኃት የምናይበት ቦታ ነው፤ ስህተት አገኘሁ ብሎ ከመቸኮል ለምን እዚህ ላይ ለወጠው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ንጽጽሩ የተቀዳበትን ኑሮ አለማወቅ

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ላደገ ልጅ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለተወለደማ ይልቁንም፣ ይህ ተረት «እንግዳው ጅብ ምንጣፍ ጠየቀ» ከማለት አያልፍም። ትርጉሙን ቢነግሩት እንኳ፣ «ባልታወቀበት አገር የሚመጻደቅ ሰው» ብሎ ይይዘዋል፤ ለምን ቁርበት እንደሆነ አይጠይቅም።

ቁርበት የደረቀ የከብት ቆዳ ነው፤ ገጠር ቤት ለእንግዳ ይነጠፋል፣ ይተኛበታል። ጅብ ደግሞ ቆዳ ይበላል። በአገሩ ቢሆን ማንም ጅብ ፊት ቁርበት አያነጥፍም። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው፦ እንደ ጨዋ እንግዳ አክብሩኝ ይላል፣ የተነጠፈለትን ክብር ራሱን ግን ሌሊት ሊበላው ነው። ተረቱ ስለ ጉራ ብቻ መስሎን ስንጠቀምበት ከክሱ ግማሹን እናስቀርለታለን። አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ነጋዴ በዚህ ተረት ሲነካ፣ ተናጋሪው «ይመጻደቃል» ብቻ እያለ ነው ወይስ «የሰጣችሁትን ወንበር ራሱን ይበላል» እያለ? ልጆቻችሁን ተረት የምታስተምሩ ወላጆች፣ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ፣ ትርጉሙን ከመንገራችሁ በፊት ቁርበቱንና ጅቡን ንገሯቸው። ትርጉሙን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ግነትን በቁጥር መመዘን

ለአፄ ቴዎድሮስ ሞት የወጣ ሙሾ እንዲህ ይላል፦ «በመቅደላ አፋፍ ጩኸት በረከተ፣ የሴቱን እንጃ ወንድ አንድ ሰው ሞተ።» አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ነው። ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በተባለው ቦታ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ከጦራቸው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። አልቃሿ ይህን አታውቅ ኖሮ አይደለም። «ወንድ» ያለችው እጁን ያልሰጠውን ነው፤ በዚህ መስፈርት ቆጥራ አንድ አገኘች። አድናቆቷ ለሌሎቹ ዘለፋ እንደሆነ ልብ ካላልን ሙሾውን ውዳሴ ብቻ እናደርገዋለን። ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ስጦታ መሆኑን ደግሞ ዛሬ «የቴዎድሮስ ሽጉጥ» እያሉ የሚጽፉ ሁሉ ቢያስታውሱት፣ ጥቅሱ ላይ ሌላ ስለት ይጨምርላቸዋል።

የተዋስነውን ሳይመረምሩ መወርወር

«የትሮይ ፈረስ» በጋዜጦቻችን ውስጥ ሰርጎ ገብን ሁሉ ለመስደብ ይውላል። በግሪኮች ታሪክ ግን ወታደሮች የተደበቁበትን የእንጨት ፈረስ ወደ ከተማይቱ ጎትተው ያስገቡት የትሮይ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ስለ ጠላት ተንኮል ብቻ ሳይሆን ስለ አስገቢው እጅ የማይናገር «የትሮይ ፈረስ» ጎደሎ ነው።

በሁሉም ነገር ወርቅ መፈለግ

ይህ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ምክንያትም አለው። ለረጅም ዘመን ሳንሱር ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ ደራሲው መደበቅን፣ አንባቢው መፈለግን ተምሯል። ይህ ልምድ ብዙ ድንቅ ነገር አስገኝቷል። ግን ስለ ዝናብ የተዘፈነ ዘፈን ሁሉ ስለ መንግሥት፣ ስለ ወንዝ የተጻፈ ግጥም ሁሉ ስለ ፖለቲካ እንዲሆን አስገድዶናል።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ትርጉም በመጀመሪያው ንባብ እንግዳ ሆኖ የቀረ ቃልን ያስረዳልኛል ወይ? «ልቤ ተሰቀለልሽ» ውስጥ «መድኃኔዓለም» ያለ ምክንያት የገባ ይመስላል፤ ሁለተኛው ንባብ ቦታውን ይሰጠዋል። የዝናቡ ዘፈን ግን ያለ ሁለተኛ ትርጉም ሁሉም ቃሉ በቦታው ከተቀመጠ፣ ስለ ዝናብ ነው። «የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአንድምታ ትርጓሜስ አንድም፣ አንድም እያለ ያበዛ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ያበዛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ «አንድም» ወደ ንባቡ ተመልሶ አንዲት ቃል ወይም አንድ ታሪክ ይጨብጣል። የሚጨብጠው የሌለው «አንድም» የሚያደምጠው ተማሪም የለውም።

የጠቀሱትን ወዲያው መፍታት

ይህ የሚጽፉትን ይመለከታል። «እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ፤ ማለትም ከኃላፊነት ሸሸ» ብሎ መጻፍ ጥቅሱንም አንባቢውንም መናቅ ነው። ሁሉም አንባቢ ታሪኩን ያውቃል ማለት ግን አይቻልም፤ የዛሬ አንባቢ ከብዙ ቤት የመጣ ነው። መፍትሔው ፍቺን ከኋላ ከመቀጠል ይልቅ መያዣ ከውስጥ መስጠት ነው። «ጥርኝ ውኃዬ» ብቻ ከማለት «እንደዚያ ሰው በላ፣ ጥርኝ ውኃዬ ትቆጠርልኝ» ቢባል፣ በላዔ ሰብእን የሚያውቅ ሙሉውን ይሰማል፤ የማያውቅ ደግሞ አንድ ሰው በላ እንደነበረና አንዲት ጥርኝ ውኃ እንደተቆጠረችለት ይዞ፣ ታሪኩን ፍለጋ ይነሣል።