ስለ አንጎል ብግነት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረጋውያን ሐሳባቸው ሲበታተን «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ በጅማም የተለመደ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይኸው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ሔርማታ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እናት፣ እስከ ሰኞ ድረስ ቡናቸውን ራሳቸው ቆልተው ሲያፈሉ የነበሩ፣ ረቡዕ ማታ ረከቦታቸው ፊት ተቀምጠው በሕይወት የሌለችውን እህታቸውን ይጣሩ ጀመር። ልጆቻቸው እርጅና ነው ብለው ሁለት ቀን ጠበቁ። ሲመረመሩ የተገኘባቸው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፤ ትኩሳት እንኳ አልነበራቸውም። በሰውነት ውስጥ የተነሣ ብግነት፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ መቆጣት፣ በደም በሚጓዙ ኬሚካሎች አማካይነት አንጎልንም ያውካል፤ ያረጀ ወይም አስቀድሞ የታመመ አንጎል ደግሞ ይበልጥ ይናወጣል። ዋነኛው የመርሳት በሽታ የሆነው አልዛይመር በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ በሽታ ሲሆን፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ፣ አንዴ ቀለል ሌላ ጊዜ ባስ የሚል መቃዠት ግን አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። እንዲህ ያለው መቃዠት የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ይበልጥ ሊያደክመው ስለሚችል ሁለት ቀን መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ብግነትን ጠላት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ የገለጻቸው ማይክሮግሊያ የተባሉት ሴሎች የአንጎል ዘበኞችና ጠራጊዎች ናቸው፤ የሞቱ ሴሎችንና በአልዛይመር የሚከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ያነሣሉ። ቁጣቸው ሳይበርድ ሲቆይ ግን ጤነኛ ነርቮችንም ይጎዳሉ። በሌላ በኩል ለእነዚሁ ሴሎች ሥራ አስፈላጊ በሆነው ትሬም 2 በተባለው ዘረ መል ላይ የተወሰነ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ለአልዛይመር ይበልጥ እንደሚጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ታውቋል፤ የደከመ ዘበኛም አደጋ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ለመርሳት መከላከያ ብሎ ብግነትን የሚያበርዱ የሕመም ማስታገሻዎችን፣ ለምሳሌ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ ዘወትር መዋጥ ነው። ከዚሁ ዓይነት መድኃኒቶች ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከ2,500 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክረው አልዛይመርን አልተከላከሉም፤ መድኃኒቶቹን መስጠትም ለልብ ጤና በተነሣ ስጋት እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋርጧል። ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉም ይችላሉ። እርድና ዝንጅብልም ለወጡ እንጂ ለመርሳት በሽታ ፈውስነታቸው አልተረጋገጠም።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ መቃዠቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ይናገሩ፤ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ ከነመያዣቸው ይያዙ።