ፓኒክ አታክ ሲነሳ ወደሚጎዳዎት ሰው ሳይደውሉ እንዴት ማሳለፍ ይቻላል

ፓኒክ አታክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ልብን እያስደለቀ፣ ትንፋሽን እያሳጠረና «አሁን መሞቴ ነው» እያሰኘ ሲመጣ፣ የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ስልክ ነው። የሚደወልለት ሰው ራሱ የሚያዋርደን ወይም ዛሬ አቅርቦ ነገ የሚገፋን ሲሆን ግን ፍርሃቱና ጥገኝነቱ እርስ በርስ ይመጋገባሉ።

በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የልብ ምት መዛባትና የደም ማነስ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ሳይመረመሩ «ጭንቀት ነው» ብሎ መደምደም አይገባም።

ከዚያም በተረጋጉበት ሰዓት በትንሽ ወረቀት ላይ «ይህ አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ይበርዳል፤ እስከዚያ ለእገሌ አልደውልም» ብለው ይጻፉና ከእርስዎ አይለዩት። አተነፋፈስ የሚያለማምዱ የስልክ መተግበሪያዎችን ለዚህ ሰዓት አልመክርም፤ ስልኩን ማንሳት ራሱ ከዚያ ሰው ቁጥር ጋር ያገናኛልና።

ጥቃቱ ሲጀምር ይቀመጡ፤ አየር በአፍንጫ ቀስ ብለው አስገብተው፣ ካስገቡበት በረዘመ ጊዜ ያስወጡ። ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው በፍጥነት ስንተነፍስ በደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው፤ በኃይል አየር መሳብ ያባብሰዋል።

ከባዱ ደረጃ አለመደወሉ ነው። ፍርሃቱ ማንም ባይነካው በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ እርስዎ ግን በበረታበት ቅጽበት ከደወሉ፣ አእምሮ ያዳነኝ የዚያ ሰው ድምፅ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ድምፅ ቀደም ብሎ ይጠይቃል። ያ ሰው አንዳንዴ በርኅራኄ፣ አንዳንዴ በስድብ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ማሰሪያው ይጠብቃል፤ መቼ እንደሚገኝ የማይታወቅ ደግነት ዘወትር ከሚገኘው ይልቅ ሰውን በተስፋ አስሮ ያቆያል።

ስለዚህ «ዳግመኛ አልደውልም» ብለው አይማሉ፤ ያዘግዩት። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ሲለምዱት 20 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጥቃቱ የጀመረበትንና የበረደበትን ሰዓት፣ ለዚያ ሰው ሊሉት የነበረውንም ጭምር ይጻፉ። ሳይችሉ ቀርተው ቢደውሉም ይህንኑ ጽፈው ይቀጥሉ። ማስታወሻው እየበዛ ሲሄድ፣ ፍርሃቱ ያለዚያ ድምፅ እንደወረደ በራስዎ እጅ ጽሑፍ ማስረጃ ያገኛሉ፤ ይህን ያህል የሚያሳምን ሌላ ምክር አላውቅም። ሸክሙን በሙሉ ወደ ሌላ ወዳጅ ማዛወር ግን ሰውን ቢለውጥ እንጂ ልማዱን አይለውጥም። ወዳጅዎን በጥቃቱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በደህናው ቀን ያግኙት።

ግንኙነቱ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለበት መደወሉን ማዘግየት ብቻውን አይበቃም። መለያየት አደጋው የሚበረታበት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል፣ ማረፊያ፣ ገንዘብና ሰነድ ከሚያምኑት ሰው ወይም ከባለሙያ ጋር በምስጢር አዘጋጅተው እንጂ በንዴት ተነሥተው አይውጡ።

ጥቃቱ ከተደጋገመ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ይፈልጉ፤ በእርሱ ክትትል ልብን ሆን ብሎ በሩጫ እያስመቱ ስሜቱን መልመድ ከሕክምናው ክፍሎች አንዱ ነው። ሐኪም የሚያዝዛቸው ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ማረጋጊያ መድኃኒቶች ቶሎ ቢያስታግሱም፣ ሲዘወተሩ ራሳቸው ጥገኝነት ያስከትላሉ፤ ለረጅም ጊዜ ከወሰዷቸውም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።