ኤፍሲንክ ሲከሽፍ፦ በሊኑክስ ላይ የዲስክ ስህተት ሳያመልጠን

ራይት (ፋይል ላይ የሚጽፈው የሲስተም ጥሪ) ተሳካ ማለት ዳታው ዲስክ ላይ ሰፈረ ማለት አይደለም። ራይት ዳታውን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራም ውስጥ ወደያዘው ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማቆያ፣ ገልብጦ ይመለሳል፤ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው በኋላ ነው፣ በተለመደው ቅንብር 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። ዲስኩ ያኔ እምቢ ቢል ከርነሉ የሚነግራችሁ ኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ እስኪጻፍ የሚጠብቀውን ጥሪ) ስትጠሩ ነው። ፋይሉን በሚዘጋው ክሎዝ ላይ አትመኩ፤ ዲስኩ እስኪጽፍ አይጠብቅም።

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኤፍሲንክ ኢአይኦን (የማንበብና የመጻፍ ስህተት፣ ቁጥር 5) ሲመልስ ብዙ ፕሮግራም ደግሞ ይሞክራል። ሁለተኛው ሙከራ ዜሮ ይመልሳል፣ ዳታው ግን የለም። እንደ ኤክስት4 ያሉ ፋይል ሲስተሞች መጻፍ ያቃታቸውን ገጽ (ካሹ ውስጥ ያለ የዳታ ቁራጭ) እንደተጻፈ ቆጥረው ይተዉታል። ያለምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሳይጻፍበት የተነቀለ ፍላሽ ገጾች ራሙን ይዘው በቀሩ ነበር። ስህተቱም ለአንድ ፋይል ዲስክሪፕተር (ፋይል ስትከፍቱ ከርነሉ የሚሰጣችሁ ቁጥር) የሚነገረው አንዴ ብቻ ነው። በ2017 ከወጣው ከርነል 4.13 በፊት ይብስ ነበር፦ ሌላ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ቀድሞ ኤፍሲንክ ከጠራ ስህተቱን እሱ ይወስደውና እናንተ ምንም ሳትሰሙ ትቀራላችሁ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ2019ኙ 11.2 ጀምሮ ኤፍሲንክ ሲከሽፍ አይደግምም፤ ሥራውን አቁሞ ለውጦቹን ከመዘገበበት ሎግ ያገግማል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ራይት የመለሰውን ቁጥር እዩ። 4096 ባይት ሰጥታችሁት 1024 ብቻ ጽፎ ሊመለስ ይችላል፤ ከቆመበት ቀጥሉ።
2. በነባሩ ፋይል ላይ አትጻፉ፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ክፈቱ። ዲስክሪፕተሩን ኤፍሲንክ እስኪያልፍ አትዝጉ፣ ዋናውንም ቅጂ ከራም አትልቀቁ።
3. ኤፍሲንክ ዜሮ ከመለሰ (ማለትም ከተሳካ) ነባሩን ፋይል በሪኔም፣ ስም በሚቀይረው ጥሪ፣ በጊዜያዊው ተኩት፣ ከዚያ ፎልደሩን ራሱን ከፍታችሁ ኤፍሲንክ አድርጉ። ይህ ከተዘለለ መብራት ሲጠፋ አዲሱ ስም ላይገኝ ይችላል።
4. ከከሸፈ ጊዜያዊውን ፋይል ጥላችሁ ከራም ቅጂው በሌላ ፋይል፣ ቢቻል በሌላ ዲስክ ላይ እንደገና ጻፉ። ፋይሉን መልሶ በማንበብ ማረጋገጥ አይሆንም፤ ካሹ ዲስኩ ላይ የሌለውን ዳታ ሊያሳያችሁ ይችላል።

በኤምማፕ (ፋይልን እንደ ራም ክፍል በሚያሳየው ጥሪ) የከፈታችሁት ፋይል ሲነበብ ዲስኩ ከከሸፈ የሚመጣው የስህተት ቁጥር ሳይሆን ሲግባስ የተባለው ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚልከው ማስጠንቀቂያ) ነው። ካልያዛችሁት ፕሮግራሙ ይሞታል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር የተበላሸ ዲስክ አያስፈልግም። በዲቫይስ ማፐር (ከርነሉ ምናባዊ ዲስክ የሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ያለውን ፍሌኪ፣ ሆን ብሎ የሚከሽፍ ዲስክ የሚፈጥረውን፣ ለ30 ሰከንድ ጤነኛ፣ ለ5 ሰከንድ መጻፍ እንዲከለክል አድርጋችሁ አዘጋጁት። ኤክስት4 ጆርናሉን (የለውጦች መዝገቡን) መጻፍ ካቃተው ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ኢአይኦን ብቻ ሳይሆን ኢአርኦኤፍኤስንም (ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ነው የሚለውን ስህተት) ጠብቁ።