የሰውን ስሜት የሚያሳይ የግል ዐውደ ርእይ በባሕር ዳር ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በቡድን ዐውደ ርእይ ላይ ሦስት ሥዕል የሰቀለ ሠዓሊ ድክመቱ በሌሎች ሥራዎች መካከል ሊሸፈንለት ይችላል። የግል ዐውደ ርእይ ግን ተመልካቹ የአንድን ሰው እጅ ሥራ ደጋግሞ እንዲያይ ስለሚያደርግ፣ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያስደነቀው ነገር በአምስተኛው ላይ ልማድ፣ በአሥረኛው ላይ ደግሞ ማምለጫ መሆኑ ይታወቃል። ጉዳዩ ስሜት፣ መንገዱም የሰው ምስል ሲሆን ፈተናው ይብሳል፤ ሰውን ሁሉም ያውቀዋልና። ከዚህ በታች ያሉት በጣና ዳር ሥዕል ስሰቅልና ሌሎችን ሳግዝ ያስተዋልኋቸው ስህተቶች ናቸው፤ ከፊሎቹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ።

ከሁሉ የሚከፋው ስሜትን ከፊት ላይ ብቻ መፈለግ ነው። ሐዘን ሲባል እንባ፣ ደስታ ሲባል ጥርስ፣ ቁጣ ሲባል የተቋጠረ ግንባር ይሣላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ለ ብረን በፈረንሳይ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ በ1668 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የውጭ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሜቶችን በፊት ገጽታ ለይቶ አስተምሮ ነበር፤ ትምህርቱ ለጀማሪ ቢጠቅምም፣ ከዚያ ዝርዝር ተገልብጦ የሚሣል ፊት ጭምብል ይሆናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደግሞ በ1862 ባሳተመው ጥናት፣ ከልብ የመነጨ ፈገግታ ከንፈርን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ጭምር እንደሚያንቀሳቅስ፣ ይህም ጡንቻ በፈቃድ በቀላሉ እንደማይታዘዝ አመልክቷል።

አማርኛ ተናጋሪ ሠዓሊ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቋንቋችን ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይላወሳል፣ ወገብ ይቆረጣል፤ ስሜቱ የሚነገረው ከአንገት በታች ባለው አካል ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ከተቀመጡት ሴቶች መካከል የሟቹ እናት የትኛዋ እንደሆነች ፊቷን ሳያይ ከትከሻዋ አወዳደቅ ይለያል። ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ኬተ ኮልቪትስ ልጇን ፔተርን በ1914 በጦርነት ካጣች በኋላ ለዓመታት ደክማ በ1932 ያቆመቻቸው የሐዘንተኛ ወላጆች ሐውልቶችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ አባትየው በክንዶቹ ራሱን አቅፎ ቀጥ ብሎ ተንበርክኳል፣ እናቲቱ ወደ መሬት አጎንብሳለች፣ ሁለቱም በየመቀመጫቸው ተለያይተው አይነካኩም። እኔ እንደማየው ሐዘኑ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አለ።

ሁለተኛው ስህተት በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም የአዝዋ ማርያምን የመቅደስ ግድግዳ ያየ ሠዓሊ፣ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ምስሎች በትልልቅ ዓይኖቻቸው ይማርኩታል፤ ተመልሶም የሚሥለውን ሰው ሁሉ ዓይን ያተልቃል። በእነዚያ ሥዕሎች ግን ዓይን የስሜት መለኪያ አይደለም። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ሲያይ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን መሣሉ፣ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚናገር ሥርዓት ነው። የሰማዕቱም ፊት በሥቃይ መካከል የሚረጋጋው ሠዓሊው ሥቃይን መሣል አቅቶት አይደለም። ይህን ዓይን ከሥርዓቱ ነጥሎ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ወጣት ፊት ላይ መትከል ወጣቱን የጠፋ መልክአ ቅዱስ ያስመስለዋል። መውሰድ የሚገባው ሌላ ነው፤ በስቅለት ሥዕል ላይ ከመስቀሉ ሥር የቆሙት እጃቸውን ከጉንጫቸው አስደግፈው ሲታዩ፣ ያ ዛሬም በየቤቱ ደጃፍ የምናየው የትካዜ አቀማመጥ ነው።

ሦስተኛው በስልክ ፎቶግራፍ ላይ ብቻ መመርኮዝ ነው። ስልክ በቅርብ ርቀት ሲያነሣ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሸሻል፤ ይህን መዛባት ሳያርም የሚገለብጥ ሠዓሊ ሳያውቀው ሰውየውን ያሾፍበታል። በአንጻሩ ሞዴል አስቀምጦ ስሜት እንዲያሳይ ማዘዝም አያዋጣም፤ ሃያ ደቂቃ የተያዘ ፈገግታ ሕመም ይመስላል። የሚሻለው ሰውየውን ሥራው ላይ እያለ፣ ለምሳሌ ደንገል አስሮ ታንኳ ሲሠራ ወይም መረብ ሲጠግን፣ በፈጣን ንድፍ ደጋግሞ መያዝ ነው። የሚያለቅስ ሰው ሳያውቅ ፎቶ አንስቶ ሥዕሉን ለሽያጭ ማቅረብ ደግሞ የሙያ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ባሕር ዳር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ ባለ ሐዘኑ ራሱ ወይም ጎረቤቱ ወደ አዳራሹ መምጣቱ አይቀርም።

አሰቃቀልን በተመለከተ ብዙዎች ያላቸውን ሁሉ ይሰቅላሉ። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች የተሞላ አይደለምን ብሎ የሚከራከር አጋጥሞኛል፤ መልሴ፣ ምእመኑ ታሪኩን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ በየበዓሉም ይመለሳል፣ የዐውደ ርእይ ተመልካች ግን ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይመጣል የሚል ነው። ሁለት ጩኸት ጎን ለጎን ሲሰቀል ሁለቱም ይደነቁራሉ፤ በመካከላቸው ጀርባውን የሰጠ ወይም የተኛ ሰው ቢገባ ሁለቱም ይሰማሉ። የሥዕሉን መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማድረግ የተለመደ ልክ ቢሆንም፣ ምስሉ በእውነተኛው የሰው መጠን ከተሣለ የሚሻለው ዓይኑን ከቆመ ተመልካች ዓይን ጋር ማገናኘት ነው።

ሐይቁ ራሱ የሚያስከትለው ስህተት አለ። አንድ ጊዜ መስኮቶቹ ወደ ጣና የተከፈቱ አዳራሽ አግኝቼ በእይታው ተታለልኩ። የተሻሉ ያልኳቸውን ሥዕሎች በመስኮቶቹ መካከል ሰቀልኩ፤ ቀን ላይ የገባ ሰው ዓይኑ ከውኃው ብርሃን ጋር ስለሚላመድ የሥዕሎቹ ፊቶች ጥቁር ጥላ ሆኑበት፤ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ በቫርኒሹ (በቀለሙ ላይ በሚቀባው አንጸባራቂ መከላከያ) ላይ የሚታየው መስኮቱና ሐይቁ ብቻ ነበር። አዳራሽ ሲመረጥ ጠዋትም ቀትርም ማታም ገብቶ ማየት፣ መብራቱንም ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ከላይ መልቀቅ ይህን ያስቀራል። ክረምቱም አይዘንጋ፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ሸራ ይላላል፣ የዘይት ቀለምም መድረቁ ይዘገያል። ለመክፈቻ ቀን ተብሎ የተቻኮለ ሥዕል ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ወራት ስለሚፈልግ፣ ወፈር ያለ ቀለም ላይ በሳምንቱ ቫርኒሽ መቀባት በኋላ መሰንጠቅን ያመጣል።

ርእስና መግለጫ ጽሑፍን ባጭሩ ልለፈው። «ሐዘን» ወይም «ናፍቆት» ተብሎ የተሰየመ ሥዕል ተመልካቹን ከማየት ያሳርፈዋል፤ «ማክሰኞ ማታ» ወይም «የመጨረሻው ጀልባ» ቢባል ግን ስሜቱን ራሱ ይፈልገዋል። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፍ። በ2017 ዓ.ም. የተሣለ ሥራ «2017» ብቻ ከተባለ የውጭ ጎብኚ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ያደርገዋል።

በመክፈቻው ዕለት የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሠዓሊው ከእያንዳንዱ ሰው ጎን ቆሞ ማስረዳቱ ነው። ተመልካች በባለቤቱ ፊት አያዝንም፣ አይስቅም፤ «በርታ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ንግግሩ ካስፈለገ በር ላይ በአምስት ደቂቃ ይለቅ፣ የአስተያየት መዝገቡ ሠዓሊው ከሚቀመጥበት ራቅ ባለ ጥግ ይሁን፣ ከዋናው ሥዕል ፊት ለፊትም ሰው ብቻውን ሊቀመጥበት የሚችል አንድ አግዳሚ ይደረግ።