የካድሚየም ሰልፋይድ ፊልም ዱቄት ሲሆን፣ ሲላጥ ወይም አልይዝ ሲል

የቫክዩም ማሽን በሌለበት ላቦራቶሪም ጥሩ የሴሚኮንዳክተር ፊልም ይሠራል። የካድሚየም ጨው፣ አሞኒያና ታዮዩሪያ (ሰልፈሩን የሚሰጠው ውህድ) ተበጥብጠው ከ60 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቁ፣ የተነከረው መስታወት ቢጫ፣ ብርሃን አሳላፊና በጥጥ ሲጠረግ የማይለቅ ፊልም መያዝ አለበት። ካድሚየም ካንሰር አምጪ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ ጭስ መሳቢያ አትጀምሩ፤ ትርፉንም በዕቃ አጠራቅሙ እንጂ ወደ ፍሳሽ አትድፉ።

ፊልሙ ደብዛዛ ነው፣ ሲነካም ዱቄት ይሆናል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የአሞኒያ ሥራ ካድሚየሙን አስሮ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው። ነፃ ካድሚየም ከበዛ ሰልፋይዱ መስታወቱ ላይ ከማደግ ይልቅ ፈሳሹ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ የረጋው ቅንጣት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ብጥብጡ ታዮዩሪያ እንደገባበት ወዲያው ወፍራም ቢጫ ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ክፍት ቢከርን ነው፤ ሲሞቅ አሞኒያው ይተናል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ክደኑት። ካልተሻለው አሞኒያ ጨምሩ፣ ወይም ታዮዩሪያ ቀንሱ፣ ወይም ሙቀቱን አውርዱ፤ ግን አንድ በአንድ፣ አለዚያ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም። መስታወቱም ቆሞ ይነከር፤ ከተጋደመ ዝቃጩ ላዩ ላይ ይሰፍራል።

ታዮዩሪያ ሳይገባ ፈሳሹ ነጭ ሆነ

ካድሚየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሞኒያ ሲጀመር መደፍረሱ የተለመደ ነው፤ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ ስታደርጉ ይጠራል። ካልጠራ ታዮዩሪያውን አታስገቡ። ተከፍቶ የከረመ አሞኒያ ኃይሉ ስለሚደክም በአዲስ ተኩት።

ምንም አልያዘም

ወይ አሞኒያው ከመጠን በላይ ነው፣ ወይ ብጥብጡ አልሞቀም። ቴርሞሜትሩ ቢከሩ የሚሞቅበትን የውጪውን ውሃ ሳይሆን የቢከሩን ውስጥ ይለካ፤ ሁለቱ እኩል አይሞቁም።

ቀዳዳ አለው፣ ወይም ይላጣል

ክብ ቀዳዳ የአየር አረፋ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ በዝግታ ማማሰል ያስለቅቀዋል። የሚላጥ ከሆነ ግን መስታወቱ ላይ ቅባት አለ። በሳሙና፣ በአሴቶን፣ በኤታኖል፣ መጨረሻ በተጣራ ውሃ እጠቡና ፈትኑት፦ ውሃው ሳይቆራረጥ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ ከሠራ ድገሙት።

በጣም የወፈረ ፊልምም ይላጣል። ለፀሐይ ሴል ከ50 እስከ 80 ናኖሜትር ይበቃል። ወፍራም ካስፈለገ በአንድ ብጥብጥ አታቆዩት፤ አውጥታችሁ አለቅልቁና በአዲስ ብጥብጥ ንከሩት።