አገልግሎት፣ ዶክትሬት፣ ቅኔና ቤተሰብ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ ሰኞ ጠዋት በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ሴሚናር የሚያቀርብ ሰው ብርቅ አይደለም። ካህን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ፒኤችዲ ይማራል። ግጥም ይጽፋል፣ ቅኔ ይቆጥራል (አዲስ ቅኔ ያስባል)። ቤት ደግሞ ልጆች አሉት። እንዲህ ያለውን ሰው በጣም አከብራለሁ። ሲደክምና ሲሰበር ማየት ያመኛል፤ የሚሰብረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም።

በየሳምንቱ እኩል ማካፈል

አራቱም በየሳምንቱ እኩል ድርሻ ይድረሳቸው ማለት አያዋጣም። ዓመቱ ራሱ እኩል አይደለምና። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ በየሳምንቱ ማኅሌት አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ሰዓታትና ቅዳሴ ይመጣል። ይህን ሁሉ አስቀድመን እናውቃለን። ታዲያ ለአማካሪ «ምዕራፉን በጥቅምት አደርሳለሁ» ብሎ ቃል መግባት ለምን አስፈለገ? የቤተ ክርስቲያኑንና የዩኒቨርሲቲውን የጊዜ ሰሌዳ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ጾም የለባቸውም፤ ለከባድ ጽሑፍ ከእነሱ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

«እኔ ከሌለሁ ጉባኤው ይበተናል» ማለት

ዘጸአት ምዕራፍ 18 ላይ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር ያየዋል። እንዲህ ከቀጠልክ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም ይመክረዋል። ይህን ብዙ ጊዜ ተሰብከናል። የሚታለፈው የምዕራፉ መጀመሪያ ነው። ዮቶር ወደ ምድረ በዳ የመጣው ሙሴ መልሶ የሰደዳትን ሚስቱን ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ነው። ምክሩ የመጣው ቤተሰቡ ከተመለሰ በኋላ ነው። እኔ ይህን እንደ አጋጣሚ አላየውም።

ስለዚህ ግቢ ጉባኤውን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን የሃይማኖት ትምህርት፣ ለወጣቱ ዲያቆን ስጡት። እንደናንተ ላያስተምር ይችላል። ካልተሰጠው ግን መቼም አይለምደውም።

«ዲፈንስ (የመመረቂያ ጽሑፌን መከላከያ) ላድርግና ከልጆቼ ጋር እሆናለሁ»

ይህ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። ዶክትሬት በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፕሮፖዛሉ ኮሚቴ ይጠብቃል። ዳታው ሰው ይጠብቃል። ለጆርናል የተላከው ጽሑፍ ሪቪው (የባለሙያ ግምገማ) ላይ ወራት ይቆያል። «አራት ዓመት ነው» ተብሎ የተጀመረው ሲረዝም ማየት የተለመደ ነው። ልጁ ግን አይጠብቅም። አማካሪው ኢሜይል ይልካል፣ የደብሩ አለቃ ይደውላሉ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ቀነ ገደብ አያወጣም። የማይጮኸው ሁልጊዜ ትራፊ ይደርሰዋል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ለእነሱ ይሁን። ጣና ዳር ውጡ፣ ዓሣ ብሉ፣ ስልኩን ቤት ተዉት። ቀኑ የታወቀ ከሆነ አለቃውም አማካሪውም ይለምዱታል።

የንስሐ ልጅን ዳታ ማድረግ

የምታገለግሉትን ሕዝብ ማጥናት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ለምሳሌ ስለ ትዳር ወይም ስለ ስደት የሚያጠና ካህን ብዙ ታሪክ በጆሮው አለ። ነገር ግን በንስሐ የተሰማ ነገር ስም ቢቀየርም ዳታ አይሆንም። ቃለ መጠይቅም ቢሆን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው ለተመራማሪ «አልፈልግም» ማለት ይችላል፤ ለንስሐ አባቱ እንዴት ይላል? ከተቻለ ሌላ ደብር፣ ሌላ ከተማ አጥኑ። አልያም ቃለ መጠይቁን ሌላ ሰው ያድርግላችሁ።

ቅኔውን ለትርፍ ጊዜ መተው

ትርፍ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ቅኔውም አይኖርም። ጎጃም ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በነዋሸራና በነጎንጅ የቅኔ ቤቶች ወግ ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ከሰው ተለይቶ ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሰዓቱ የትምህርቱ አካል ነው። አንዴ የተነገረ ቅኔ አይደገምምና ሁልጊዜ አዲስ ማሰብ ግድ ይላል። ረጅሙ ቅኔ መወድስ ካልተቻለ አጭሯ ጉባኤ ቃና ትበቃለች፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ናት። በአካዳሚ ቋንቋ የደረቀ አእምሮ በዚህ ይርሳል፤ ስብከቱም ይለመልማል።

ሁለት ነገር በአጭሩ

ከማኅሌት መልስ ሳይተኙ ዳታ መተንተን ስህተት ይወልዳል፤ ተኙ። ባለቤትንም ያለ ደመወዝ ታይፒስትና የማጣቀሻ አራሚ አታድርጉ።

ተማሪዋ እናት ስትሆን ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። አገልግሎቱም፣ ምዕራፉም፣ ሊጡም እሷን ይጠብቃሉ። «በርቺ» ማለት አይረዳትም። ባሏ የሳምንቱን ግማሽ ወጥ ይሥራ። የጽዋ ማኅበሯም ዲፈንሷ ባለበት ወር ተራዋን የሚቀበልላት ሰው ይፈልግላት።